ለምስጋና የሄዱ ሽማግሌዎች

ጀማለዲን አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። ሚስቱ ሰዓዳ ይህን ጠባዩን ገና ሳይጋቡ ስለምታውቀው መከራከሩን ትታዋለች። በዚያ ሚያዝያ የያዘው ነገር ምስጋና ነበር፤ ለማን እንደሚሰጠው ያውቃል፣ ተቀባዩ ግን ስልክ አያነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ናዲራ ለንደን፣ ዌምብሊ ተወልዳ ያደገች፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ተቀምጣ ኮምፒውተር ላይ የምታፈጥ ልጅ ናት። ብርዱ ሲገባ ግን በሁለት እጇ መጥረቢያ ይዛ፣ ጫማዋ ላይ የብረት ጥርስ አስራ፣ ስኮትላንድ ድረስ ሄዳ በረዶ ትወጣለች። በረዶውም ሜዳ ላይ የተነጠፈው ዓይነት አይደለም፤ ውኃ ከገደል እየወረደ ሳለ ደርቆ የቀረ፣ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። ጀማለዲን ፎቶውን ያየ ዕለት፣ "እኔ ሱዳንን በእግሬ ያቋረጥኩት አንቺ እዚህ እንድትንጠለጠይ ነው?" ብሏት ነበር። እሷም "ባባ፣ ሴፍ ነው፤ ሁሉን ነገር ቼክ አድርገን ነው የምንሄደው" አለችው። ሰው ሞቅ ካለ ቤቱ ወጥቶ በገዛ ፈቃዱ ብርድ ፍለጋ የሚሄድበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልተገለጠለትም።

ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት የበረዶ ናዳ ወረደባት። ክፉው ጊዜ እሱ ነው አሉት በኋላ። ጥር ላይ ተራራው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይይዛል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ሲመጣ ግን ሌሊት የጠጠረውን በረዶ የጠዋት ፀሐይ ትነካውና ይላላል፣ ከአናቱ እየተገመሰም ይወርዳል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ ገና ሳይነጋ ተነስተው፣ ፀሐይ ሳትደርስ ወጥተው ይጨርሳሉ። ናዲራ ከነሕይወቷ ተቀበረች። አብሯት የነበረው ልጅ ጥግ ይዞ ስለነበር ናዳው በጎኑ አለፈ። ሁለቱም ደረታቸው ላይ ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ያስራሉና፣ በዚያ ያለችበትን ፈልጎ አገኘና በትንሽ ታጣፊ አካፋ ይቆፍር ጀመር። አካፋው ሲሰበር በእጁ ቀጠለ።

ጀማለዲንና ሰዓዳ እንደ ምንም ብለው ስኮትላንድ ሆስፒታል ሲደርሱ ልጃቸውን የትከሻዋ አጥንትና ሁለት የጎን አጥንቶቿ ተሰብረው፣ ፊቷ አባብጦ፣ ግን እየተነፈሰች አገኟት። ሐኪሙ ጠረጴዛውን በጣቱ እያንኳኳ፣ "እርጥብ በረዶ ሲረጋ እንደ ሲሚንቶ ነው፤ ልጁ ትንሽ ዘግየት ቢል ኖሮ አሁን የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነበር" አላቸው። ጀማለዲን ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ዞሮ ልጁን ፈለገው። የለም። ወላጆቿ እየመጡ መሆናቸውን ሲሰማ ጃኬቱን አንስቶ ወጥቷል። ስሙ ሳዶቅ ነው፤ እዚያው ለንደን፣ ኤድመንተን ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ ዌርሃውስ፣ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ይሠራል። ናዲራ ከዚህ የበለጠ አልነገረችውም።

"ተወው ባባ። ታንክዩ አይፈልግም" አለችው።

"እሱ ባይፈልግ እኔ እፈልጋለሁ።"

ይህን ያለበት ምክንያት ነበረው። ድሮ፣ ከአገር ሲወጣ፣ መተማ ላይ አንዲት ሴት ፈታሾች ሲያስሱት በጓዳዋ ከእህል ማዳበሪያ ኋላ ደብቃ አሰንብታዋለች። ድንበር የሚያሻግረው ደላላ ድንገት ጎትቶ ይዞት ሲሄድ ሴትዮዋ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። አመሰግናለሁ ሳይላት ሄደ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዞ፣ መተማ ድረስ ሄዶ ፈለጋት፤ ቤቱ ፈርሶ ቦታው ጋራዥ ሆኗል፣ ስሟን የሚያውቅም አልተገኘ። ያልተባለ ምስጋና ጉሮሮ ላይ እንደተሰነቀረ አጥንት ሆኖ እንደሚኖር ጀማለዲን ከራሱ ያውቀዋል። አንዱ አጥንት ይበቃዋል፤ ሁለተኛ አይጨምርም።

ምክር የጠየቀው ጋሽ ኃይለመለኮትን ነው። ጋሽ ኃይለመለኮት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ሰው ማስታረቅ ነው፤ የተጣላ ሲጠፋ የታረቁትን እየዞሩ ይጎበኛሉ። ኤድመንተን ያለውን ሐበሻ ሁሉ በስሙ፣ ግማሹን በአያቱ ስም ያውቁታል።

"የጫልቱ ልጅ ነዋ!" አሉ ወዲያው። "በየሰርጉ አገኛታለሁ። እንዲህ ያለ ምስጋና በቴክስት አይላክም፣ ጀማለዲን። ሰው ይዘህ፣ ልብስህን ለብሰህ፣ ደጅ ድረስ ትሄዳለህ። ለኔ ተወው፣ ቀጠሮውን እኔ እይዛለሁ።"

ያዙም። በዚያው ወደ ሳዶቅ እናት ደወሉና፣ ወግ ዐዋቂ ናቸውና ጉዳዩን በስልክ ሳያባክኑ፣ ድምፃቸውን ጎርነን አድርገው እንዲህ አሉ፦ "እንግዲህ ጫልቱ፣ ቅዳሜ ሦስት ሆነን ቤትሽ እንመጣለን። ስለ ልጅሽና ስለ አንዲት ልጅ ጉዳይ ነው። የልጅቷ አባት ራሱ ይገኛል። ነገሩ በስልክ አይነገርም፤ ሳዶቅም እንዳይቀር።" ብለው ዘጉት። ባማረ አነጋገራቸው በጣም ረክተው ነበር።

ሰዓዳ ምን ተይዞ እንደሚኬድ አሰበች። ሥጋ አይሆንም፤ እነሱ ክርስቲያን ናቸው፣ የእስላም እርድ አይበሉም፣ ማሳቀቅ ነው። ማር ግን ሁሉም ይበላል። ትልቅ የማር ዕቃ ገዛች። ቀጥላ ከቁም ሣጥኑ አናት ለናዲራ ሰርግ ብላ ያስቀመጠችውን ጋቢ አወረደች።

"ይህን?" አለ ጀማለዲን።

"ሰርግ የሚኖራት በሕይወት ስላለች ነው" አለችው። "ትከሻው ላይ ጣልለት።"

ቅዳሜ ናዲራ ክንዷን በአንገቷ እንዳንጠለጠለች ከመኝታ ቤት ስትወጣ አባቷን በሱፍ ልብስ አየችው። ከበስተኋላው ጋሽ ኃይለመለኮት ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ የአባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ባልደረባ ክብሮም ደግሞ የመኪና ቁልፍ ያሽከረክራል።

"የት ነው?"

"ኤድመንተን።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ባባ፣ ፕሊስ አትሂድ። ኮምፕሊኬትድ ነው።"

"ልጄን ከሞት ያወጣን ሰው ማመስገን ምኑ ነው ኮምፕሊኬትድ?"

ናዲራ ተመልሳ መኝታ ቤቷ ገባች። ጀማለዲን ልጅቷ አፍራ ነው ብሎ አለፈው። እንዲያውም በልቡ፣ በሁለቱ መካከል ሌላ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ትንሽ ተጠራጠረና ወዲያው ጥርጣሬውን አባረረው።

ኖርዝ ሰርኩላር የሚሉት አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ጋሽ ኃይለመለኮት መንገዱን ሙሉ የመግቢያ ንግግራቸውን ሲለማመዱ ክብሮም፣ "ጋሼ፣ እዚሁ መኪና ውስጥ ከጨረሱት እዚያ ምን ሊሉ ነው?" ይላቸዋል። ጀማለዲን የማሩን ዕቃ እንደ ሕፃን ታቅፎ ከኋላ ተቀምጧል። ደስ ብሎታል። ከስንት ሳምንት ወዲህ ትንፋሹ ሙሉ ሆኖ የገባለት ያኔ ነው።

በሩን የከፈተችው ጫልቱ ናት። የአበሻ ቀሚስ ለብሳለች፤ ዐይኗ ግን ለቅሶ ቤት የሰነበተች ያስመስላታል። ሳሎኑ ተጠርጓል፣ ለስላሳ መጠጥና ዳቦ ቀርቧል፣ እሷ ግን ከሁሉም ዝቅ ብላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሳዶቅ ጥግ ወንበር ላይ፣ እጆቹን በሹራቡ እጅጌ ውስጥ ደብቆ፣ ምንጣፉን ያያል። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነው። ጀማለዲን ተነስቶ ሊያቅፈው እግሩን በላው፤ ወጉ ግን ተናጋሪው መጀመሪያ እንዲናገር ነው።

ጋሽ ኃይለመለኮት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ዛሬ በዚህ ቤት የተሰበሰብንበት ምክንያት፣ ሁለት ልጆች፣ እኛ ወላጆች ሳናውቅ፣ ከቤት ርቀው ሄደው፣ በዚያም የሆነው ነገር ስለሆነ..."

"ስንት ወሯ ነው?" አለች ጫልቱ።



"የምን ወር?" አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት።

"አይደብቁኝ፣ ጋሼ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። የልጅቷ አባት ሽማግሌ ይዞ የሚመጣው ለሌላ ለምን ነው?" ወደ ጀማለዲን ዞረች። "ወንድሜ፣ ልጄን አሳድጌ እንዲህ ያዋርደኛል ብዬ አላሰብኩም። ግን አይክድም፤ እንዲክድ አላደርገውም። ሕፃኑን እኔ አሳድጋለሁ። የሃይማኖቱን ነገር እንዳላችሁ እንነጋገርበታለን።"

ጀማለዲን ነገሩ ሲገባው ከነማሩ ብድግ አለ። "አስተግፊሩላህ! እንዲህ ያለ ነገር የለም! የለም!" ክብሮም የጠጣው ለስላሳ በአፍንጫው ወጣ። ጋሽ ኃይለመለኮት በስልክ ያሉትን አሁን በሐሳባቸው ደገሙት መሰለኝ፣ ከዘራቸውን ያዩ ጀመር።

"እኛ የመጣነው ልናመሰግን ነው" አለ ጀማለዲን፣ ማሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እየተቀመጠ። "ልጅዎ ልጄን ከሞት አውጥቷታል። ስኮትላንድ፣ ተራራ ላይ፣ በረዶ ተንዶ ቀብሯት ነበር። በእጁ ቆፍሮ አወጣት። አልነገረዎትም?"

ጫልቱ ወደ ልጇ ዞረች። የዞረችበት አኳኋን ለማንም ልጅ የሚመኙት አልነበረም። "የዕቃ ፓሌት ወደቀብኝ ያልከኝ ጣትህ?" አለች። "ለዌርሃውስ ትሬኒንግ ነው የምሄደው ያልከኝ?"

ሳዶቅ ተነሳ። ለእናቱ አልመለሰም፤ ያየው ጀማለዲንን ነው።

"አያመስግኑኝ" አለ። "ጋሼ፣ ፕሊስ። አያመስግኑኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ከዚያ ነገራቸው፤ አማርኛው ሲያጥረው በእንግሊዝኛ እየሞላ። ሳይነጋ ሊነሱ ተነጋግረው ነበር። የሚቀሰቅሰው እሱ ነበር። ስልኩ ሲጮህ አጥፍቶት ተኛ። ተራራው ሥር ሲደርሱ ቀኑ ገፍቷል፤ ከላይ፣ በገደሉ ጫፍ ላይ ነፋስ የከመረውን በረዶ ፀሐይ አግኝታዋለች። "ቡታችን በረዶው ውስጥ እየሰመጠ ነበር። እግርህ ከሰመጠ ትመለሳለህ፤ ሩሉ እሱ ነው። ናዲራ 'እንመለስ፣ ረፍዶብናል' አለች። ሁለቴ አለች። እኔ ነኝ 'አንዴ ብቻ፣ ፈጠን ብለን እንወጣዋለን' ያልኳት። ወቅቱ ሊያልቅ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ጠብቀን... እኔ ነኝ ያልኩት። እሷ እምቢ አላለችኝም።"

ጋሽ ኃይለመለኮት፣ ንግግር አጥተው የማያውቁት፣ አጡ።

ጀማለዲን ቁጣው ገነፈለ። የጠረጴዛው ማር፣ ጉልበቱ ላይ ያለው ጋቢ፣ የለበሰው ሱፍ፣ ሁሉም አስጠላው። ይህ እንቅልፋም ልጁን እየጎተተ ወስዶ ከናዳ ሥር አቁሟት ኖሯል፤ እሱ ደግሞ ሚስቱ ለሰርግ ያስቀመጠችውን ጋቢ ተሸክሞለት መጥቷል! ናዲራም ይህን እያወቀች ዝም ብላዋለች። ተነስቶ ለመውጣት፣ በሩን ከኋላው ለማጮህ፣ ኖርዝ ሰርኩላርን ሙሉ ለመሳደብ ፈለገ። ግማሽ ተነስቶም ነበር።

"ውደቅ!" አለች ጫልቱ ልጇን። "እግሩ ላይ ውደቅ!"

ሳዶቅ ሳትነግረውም እየወደቀ ነበር። የጀማለዲንን ጉልበት ለመሳም ሲጎነበስ እጆቹ ከሹራቡ እጅጌ ወጡ። ጀማለዲን ያኔ አያቸው። የጣቶቹ ጫፍ ገና ቀይ ሥጋ ነው። አውራ ጣቶቹ ጥፍር የላቸውም፤ ከሌሎቹም የቀረው ግማሹ ነው። እንደ ሲሚንቶ የረጋ በረዶ የቆፈረ እጅ ነው።

ትከሻውን ያዘው። "ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትቆፍር፣ ከላይ ያለው በረዶ ሁሉም ወርዶ ነበር?"

"አይ። ግማሹ ቀርቶ ነበር።"

"የት?"

"ከበላያችን። ተንጠልጥሎ።"

"አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

"ሩሉ ምን ይላል?"

ሳዶቅ ቀና ብሎ አየው። "መጀመሪያ ራስህን አትርፍ ነው የሚለው። ሌላ ከመጣ ሁለታችሁም ትሞታላችሁ ነው የሚለው።"

"አንተስ?"

"እኔ..." ጣቶቹን አየ። "ድምፅዋ አይሰማም ነበር፣ ጋሼ። ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም።"

ጀማለዲን መልሶ ተቀመጠ። ቁጣው አልጠፋም፤ እዚያው ነበር፤ ግን ሌላ ነገር ከጎኑ መጥቶ ተቀመጠና ቦታ አስለቀቀው። መተማ ያለችው ሴትዮ ትዝ አለችው። ጥሩ ሰው ትሁን መጥፎ ሰው ትሁን እስከ ዛሬ አያውቅም። የሚያውቀው ፈታሾቹ ደጁ ላይ ሲጮኹ በሩ ላይ ቆማ፣ ማንም የለም፣ ማለቷን ብቻ ነው።

"ስማኝ፣ ሳዶቅ" አለ። "ከሞት ሥር ያቆምካት አንተ ነህ፤ ከሞት ያወጣሃትም አንተ ነህ። የመጀመሪያውን ከልጄ ጋር ተነጋገሩበት፤ የራሷ አፍ አላት፣ እኔን አባቷን እንኳን አትፈራኝም። ተናድጄብሃለሁ፤ አልዋሽህም። ግን እዚህ ድረስ የመጣሁት ለሁለተኛው ነው።"

ከዚያም፣ በአገሩ ወግ ታናሽ የታላቅን ጉልበት ሲስም እንጂ ታላቅ ለታናሽ ሲጎነበስ በዕድሜው አይቶ የማያውቀው ሰው፣ ያንን ጥፍር አልባ እጅ በሁለት እጁ ይዞ ዝቅ አለና ሳመው። አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። "አመሰግናለሁ" አለ። "ልጄ እቤቴ ተኝታ ስትተነፍስ እሰማታለሁ። አመሰግንሃለሁ።"

ሳዶቅ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጀማለዲን ጋቢውን ዘርግቶ ትከሻው ላይ ጣለለትና ግራና ቀኙን አጠበቀለት። ጫልቱ መጀመሪያ ልጇን በጫማዋ ጀርባውን ሁለት ጊዜ አቀመሰችው፣ ስለ ፓሌቱ፤ ቀጥላ እላዩ ላይ ተደፍታ አብራው አለቀሰች፤ ቀጥላ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት እልል አለች። ጋሽ ኃይለመለኮት አፋቸው ተፈታና ምስጋናውንም ዕርቁንም ጠቅልለው፣ ናዲራን በስሟ፣ ሳዶቅን በስሙ እየጠሩ መረቁ። ምርቃቱ ረጅም ነበር። ማንም እንዲያሳጥሩት አልፈለገም።

ሊወጡ ሲሉ ጀማለዲን በሩ ላይ ዞር አለ። "ለምንድነው ያልነቃኸው?"

"እንቅልፌ ከባድ ነው፣ ጋሼ።"

"እንደገና እንዳትሄዱ ብል ናዲራ አትሰማኝም፤ ዐውቃታለሁ። እኔ ለሱብሒ ሶላት ሳይነጋ እነሳለሁ፤ ጠዋት የሚወጣ አውቶቡስም እነዳለሁ። ከእንግዲህ የምቀሰቅሳችሁ እኔ ነኝ። ስልኬን ካላነሳህ ስኮትላንድ ድረስ እመጣለሁ።"

ናዲራ ዌምብሊ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

"ነገረህ?" አለች።

"ነገረኝ።"

"ተናደድክ?"

"በጣም።"

"አመሰገንከው?"

"በጣም። ነገ ይደውልልሻል። ያለሽን በይው፣ ግን አንሺው።"

አባቷን በደህናው ክንዷ አቀፈችው። ጎኗን እንዳያሳምማት ሲጠነቀቅ እሷ ራሷ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው፣ ትንፋሿም አንገቱ ላይ ተሰማው። ሰዓዳ ከማድ ቤት፣ "ጋቢውን ሰጠኸው?" ስትል ተጣራች።

በዓመቱ፣ መጋቢት ላይ፣ ሁለቱ እንደገና ስኮትላንድ ሄዱ። ሰዓዳ ሁለት ቀን አኮረፈች፤ በሦስተኛው ቀን ወፍራም ካልሲ ገዝታ ሻንጣው ውስጥ ከተተች። ጀማለዲን ሱብሒ ከመድረሱ በፊት ተነስቶ ደወለ። ስልኩ ገና ከመጥራቱ ተነሳ። "ነቅተናል ጋሼ፣ ጫማ እያሰርን ነው" አለ ሳዶቅ፤ ከኋላው ናዲራ ስትስቅ ይሰማል። ጀማለዲን ሰገደ፣ ዱዓውን አስረዘመ፣ አውቶቡሱን አወጣ፣ ግን ምን ዓይነት መንገደኛ እንደጫነ ያን ጠዋት አላየም።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ቆሞ ስልኩን ሲከፍት መልእክት ገብቶ አገኘ። "ጋሼ፣ በጊዜ ደርሰን ነበር። ግን ሌሊቱ ሞቃት ስለነበር በረዶው አልጠጠረም። ቡታችን ሰመጠ። ናዲራ እንመለስ አለች፤ ተመልሰናል። ሻይ እየጠጣን ነው።"

ጀማለዲን ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። "አልሐምዱሊላህ" አለ ጮክ ብሎ፤ ከፊት የተቀመጠች አሮጊት ቀና ብላ አየችው። ከዚያ በወፍራም ጣቱ እየፈለገ አንድ ቃል ጻፈ፦ አመሰግናለሁ።

መልሱ ወዲያው መጣ። ሳዶቅ በዚህ ጊዜ አያመስግኑኝ አላለም።

"ምንም አይደል፣ ጋሼ" ይላል።